ተሸላሚው ቀርከሃና አምስተኛው ፒስተን

በአሶሳ መናኸሪያ ሙላውን «ኢንጂነር» ብላ የማትጠራው አረጋሽ ብቻ ናት፤ እሷም ሚስቱ ናት። ሌላው ሁሉ ይጠራዋል፤ ግማሹ ለቀልድ፣ ግማሹ ከፊት ወንበር እንዲይዝለት፣ ተሳፋሪው ደግሞ ሌሎቹ ሲሉ ስለሰማ። ሙላው ሦስቱን ለይቶ ለማወቅ ተጨንቆ አያውቅም። ሲጠሩት አንገቱን ቀስ አድርጎ ያዞራል። ፈጥኖ መዞር የተራ ሾፌር ነገር ይመስለዋል።

ማዕረጉን ያገኘው በአንድ ስንዝር ቀርከሃ ነው።

ከአሶሳ ባምባሲ ሰው የሚያመላልስበት መኪና ከአንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ የወጣ፣ በአራቱም ጎማ የሚጎትት የድሮ የመስክ መኪና ነው። ስድስት ፒስተን አለው፤ የተሠራው ለቤንዚን ነው፤ ዕድሜው ከሙላው ትዳር ይበልጣል። ጡረታ ወጥቶም ድምፁን ዝቅ ስላላደረገ መናኸሪያው «ሻለቃ» ይለዋል። እንደማንኛውም የእሱ ዘመን ሞተር፣ ብልጭታውን ለስድስቱ ፒስተኖች የሚያደርሱ ስድስት ገመዶች አሉት፤ የእያንዳንዱ ገመድ ጫፍ አንድ ካንዴላ ላይ ይሰካል። ገመዶቹ እርስ በርስ እንዳይነካኩ ለያይቶ የሚይዝ፣ ማበጠሪያ የሚመስል ፕላስቲክ ነበረው። ያ ፕላስቲክ ባለፈው ጥቅምት በመንገዱ ንዝረት ተሰበረ። ሙላው መለዋወጫ ሱቆቹን ሁሉ ጠየቀ፤ የለም። ስለዚህ ደረቅ ቀርከሃ ቆረጠ፣ ስድስት ቀዳዳ በሳ፣ ገመዶቹን በቀዳዳዎቹ አሳልፎ ቀርከሃውን ከሞተሩ ራስ ላይ በብሎን አሰረው። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ሙላው ሾፌር ሆኖ በቀረ ነበር።

ያን ሰሞን ግን የፈጠራ ሳምንት ነበር። ከየዘርፉ አንድ አንድ ፈጠራ ይቅረብ ተባለ። የመኪና ባለንብረቶች ማኅበር ሰብሳቢ አቶ አሳምነው ከዘርፋቸው የሚያቀርቡት ነገር ጠፍቶ በመናኸሪያው ሲንከራተቱ፣ ኮፈኑ የተከፈተውን ሻለቃ አዩ። ጎንበስ አሉ። ቀና ሲሉ ሌላ ሰው ሆነው ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ገመዱ እንዳይነካካ ነው፣ ጋሼ።»

«ከውጭ የሚመጣውን ፕላስቲክ የሚተካ ነው አትለኝም!»

ሙላው አሰበ። «ይተካዋል» አለ። ውሸት አልነበረም።

ቀርከሃው ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ከሥሩ «ሀገር በቀል የብልጭታ ገመድ አደራጅ» የሚል ጽሑፍ ቆመ። የምስክር ወረቀት ተሰጠ፤ ሙላውና አቶ አሳምነው ወረቀቱን ከሁለት በኩል ይዘው ፎቶ ተነሡ። በፎቶው ላይ ሰፊውን ክፍል የያዙት አቶ አሳምነው ናቸው። ሙላው ቀርከሃውን ወደ ሞተሩ መልሶ አሰረው፤ ዋናውን ወረቀት ሳሎኑ ውስጥ ሰቀለ፤ ኮፒውን በላስቲክ አስለብጦ ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ለጠፈው። ባምባሲ እስኪደርስ ሌላ የሚነበብ ነገር ስለሌለ ተሳፋሪው ሁሉ አነበበው። ኢንጂነርነት የመጣው እንዲህ ነው።

«እኔ ያገባሁት ሾፌር ነው» ትላለች አረጋሽ። «ኢንጂነሩ ማን እንደሆነ አላውቅም።»

ሙላው ቀርከሃን የማያውቅ ሰው አልነበረም። በሰፈራው ዘመን ከወሎ በጭነት መኪና ተጭኖ ሲመጣ ገና አፉን አልፈታም ነበር። አባቱ አምባ ስምንት የሚባለው የሰፈራ መንደር ደርሰው የሠሩት የመጀመሪያ ቤት ግድግዳውም በሩም ቀርከሃ ነበር። በሩ በበጋ እንደ ልብ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ክረምት ሲገባ ውሃ ጠጥቶ ያብጥና አልዘጋ ይላል። አባትዬው በየክረምቱ በሩን በእግራቸው እየመቱ ወሎ ጥለውት የመጡትን የወይራ በር ያወድሳሉ። ሙላው ያደገው ያንን እርግጫ እየሰማ ነው። መሪ መያዝን በሰፈራው ትራክተር ላይ ተማረ፤ ከዚያ የሰው መኪና ነዳ፤ ከዚያ ሻለቃን ገዛ። አሁን አርባን አልፏል። የወሎ አነጋገሩ የሚመለስበት ሲደነግጥ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ «አብሽር» ይላል፤ የሚያረጋጋው ግን ሌላውን ሳይሆን ራሱን ነው።

ሁለተኛው ዝናው ጋዝ ነው። ቤንዚን ከማደያ ጠፍቶ በፕላስቲክ ጠርሙስ ከዛፍ ጥላ ሥር መሸጥ ሲጀምር፣ ሙላው አዲስ አበባ ሄዶ ሻለቃን በምግብ ማብሰያ ጋዝ እንዲሠራ አስቀየረው። ከኋላ የጋዝ ሲሊንደር ተጫነ፤ ከፊት ግፊቱን የሚቀንስ ዕቃ ተገጠመ፤ ከመሪው ሥር አንዲት ማብሪያ ተተከለች። ወደ ላይ ሲሏት ጋዝ፣ ወደ ታች ሲሏት ቤንዚን። የቀየረለት ባለሙያ ሲያስረክበው አንድ ነገር ተናግሮ ነበር፤ «ጋዝ ጠንካራ ብልጭታ ይፈልጋል። ቤንዚን የታገሠህን ጋዝ አይታገሥህም።» ሙላው ራሱን ነቀነቀ። በዚያች ሰዓት ያስብ የነበረው መናኸሪያው ሲያየው ምን እንደሚል ነው።

መናኸሪያው ብዙ አለ። ቤንዚን በጠርሙስ የሚሸጡት «ሰው ቦምብ ላይ ጭኖ ይሄዳል» አሉ። ከእነሱ የሚገዙት ሾፌሮች ደግሞ ተሳፋሪውን «ሽሮ ይዛችሁ ግቡ፣ ባምባሲ ስትደርሱ ይበስላል» እያሉ አሳቁበት። በመጨረሻ ማኅበሩ ተሰብስቦ፣ ሻለቃ በጋዝ ሰው ይጭናል ወይስ አይጭንም የሚለው በሙከራ ጉዞ ይለይ ብሎ ወሰነ። ኮሚቴው ሐሙስ ጠዋት ተሳፍሮ ባምባሲ ይደርሳል። መኪናው ሳያንገራግር ከደረሰ ፈቃዱ ይፈረማል። ካንገራገረ ጋዙ ይነቀላል። ጋዙ ከተነቀለ ደግሞ፣ ቤንዚን በሌለበት አገር፣ ሻለቃ ጓሮ ገብቶ የዶሮ ማደሪያ ይሆናል። ሙላው ከሻለቃ ሌላ እንጀራ የለውም።

ይህ በተወሰነበት ሳምንት ሰኔ ገባ፤ ዝናቡ መጣ፤ ሻለቃም ማንገራገር ጀመረ።

ጠዋት ሲነሣ ሞተሩ ተስቦ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል። ከድምፁ መሐል አንድ ምት ይጎድላል። ዳገት ላይ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ጭስ ማውጫው ተቆጥቶ ዝም እንዳለ ሰው ድንገት ቱፍ ይላል። መናኸሪያው ምርመራውን ለመጀመር ፈቃድ አልጠየቀም። ካንዴላ የሚሸጠው ካንዴላ ነው አለ። ባትሪ የሚሞላው ባትሪ ነው አለ። የቤንዚን ጠርሙሶቹ ባለቤቶች ማንም ሳይጠይቃቸው ጋዝ ነው አሉ። የራሱ መኪና ከቆመ ዓመት ያለፈው አንድ ሾፌር «የሰው ዓይን ነው» አለ። ሙላው ለብቻው ሲሆን ወደዚህኛው አዘነበለ፤ የምስክር ወረቀት ያለው ሰው ዓይን ቢበዛበት አይገርምም።

ሁልጊዜ ከፊት የሚቀመጡት የበርታው ማንጎ ነጋዴ አልመሃዲ ግን የሚሸጡት መድኃኒት ስላልነበራቸው ያዩትን ብቻ ተናገሩ።

«ያ ሙላው፣ ይህቺ መኪና ጠዋት ብቻ ያስላል። ዙሁር ሲደርስ፣ ቀትር ላይ፣ ዳነች። ሰው ቢሆን ብርድ ነው እንላለን።»

«አብሽሩ፣ አባባ» አለ ሙላው። «ጋዝ ጉንፋን አይዘውም።» ተሳፋሪው ሳቀ። እሱም ሳቀ። ነገሩን ግን አላሰበበትም።

ማክሰኞ ጠዋት ጉዲና ሙላው ቤት መጣ። ጉዲና የባምባሲ ልጅ፣ እጁ ፈጣን፣ አፉ ከእጁ የፈጠነ መካኒክ ነው። ለእሱ የሞተር በሽታ ሁሉ ቴስታታው ውስጥ ነው፤ ቴስታታ የሚባለው የሞተሩ ክዳን ነው። አሶሳ ውስጥ ክዳኑ ያልተከፈተ ሞተር ካለ ጉዲና ያልሰማው ሞተር ነው።

ከግቢው በር ሳያልፍ ድምፁን ሰምቶ ፈረደ። «ማሎ ኦቦ ሙላው፣ ቴስታታ ነው። ዛሬ እንከፍታለን፤ በሳምንቱ እንዘጋለን።»

«ሐሙስ ኮሚቴ አለብኝ!»

«ክፍት ሆኖ ይዩት። ኮሚቴ ክፍት ነገር ይወዳል።»

«መጀመሪያ ከስድስቱ የማይሠራው የትኛው እንደሆነ እንወቅ።»

ጉዲና ቅር እያለው እጁን በደረቅ ጨርቅና በላስቲክ ጠቀለለ። የዚህ ምርመራ ስልት የቆየ ነው። ሞተሩ እየሠራ ገመዶቹን ከየካንዴላቸው አንድ በአንድ መንቀል ነው። የሚሠራ ፒስተን ገመዱ ሲነቀልበት ሞተሩ ወዲያው ይደክማል፣ ድምፁ ይለወጣል። የማይሠራው ግን ቢነቀል ባይነቀል ልዩነት የለውም።

«መሥሪያ ቤት ሁሉ እንዲህ ቢፈተሽ!» አለ ጉዲና፣ የመጀመሪያውን እየነቀለ።

ሻለቃ አቃሰተ። ሁለተኛው ሲነቀል ጎበጠ። ሦስተኛውና አራተኛውም ሥራ ላይ ነበሩ። አምስተኛው ሲነቀል ምንም የለም። ጉዲና መልሶ ሰካው፤ ምንም። እንደገና ነቀለው፤ ምንም። ስድስተኛው ደግሞ ገና ሲነካ ጮኸ።

«ይኸው ደሞዝተኛው!» አለ ጉዲና፣ አምስተኛውን በጣቱ እየጠቆመ።

የአምስተኛውን ካንዴላ ከሁለተኛው ጋር አለዋወጡት። ካንዴላው ቢሆን ኖሮ በሽታው ወደ ሁለተኛው በሄደ ነበር፤ አልሄደም፣ አምስተኛው ላይ ተቀመጠ። ካንዴላው በወጣበት ቀዳዳ ላይ ጉዲና አውራ ጣቱን ደፈነ፣ ሙላው ሞተሩን አዞረ፤ እምቁ አየር የጉዲናን ጣት ገፍትሮ ወረወረው። ፒስተኑም ቫልቩም ጤነኛ ነው ማለት ነው። ጉዲና ቴስታታው ከእጁ እየወጣ መሆኑ ገብቶት ጣቱን አሸ።

ከዚያ ሙላው ማብሪያዋን ወደ ታች አላት። በታንከሩ ውስጥ የቀረችው ቤንዚን እንደመጣች ሞተሩ ተስተካከለ። ስድስቱም ይሠራሉ።

«አለቀ!» ጉዲና አጨበጨበ። «ጋዙ ነው። አውልቀው።»

«ጋዙ ከሆነ አንዱን ብቻ ለምን?» አለ ሙላው። «ጋዙ ለስድስቱም የሚገባው በአንድ አፍ ነው። ወጥ ጨው ከበዛበት ለአንድ ጉርሻ ብቻ ተለይቶ አይበዛም።»

ጉዲና የጋዙን ቱቦ በዓይኑ ተከተለ። ሙላው ግን በራሱ ንግግር ተጎተተ። ጋዝ ጠንካራ ብልጭታ ይፈልጋል ብሎት ነበር ያ ባለሙያ። ቤንዚን በደከመ ብልጭታም ይቀጣጠላል፤ ጋዝ አይቀጣጠልም። ስለዚህ አምስተኛው ጋ የሚደርሰው ብልጭታ ደክሞ ነው የሚደርሰው። ካንዴላው ደህና ከሆነ የሚደክመው መንገድ ላይ ነው። መንገዱ ገመዱ ነው። ገመዱ ደግሞ የሚያልፈው…

ሙላው ሐሳቡን እዚያ ላይ አቆመው። ዳገት ላይ ፍሬን እንደሚይዝ ሰው አጥብቆ አቆመው።

«እስቲ ጋዙ ያፈስ እንደሆነ እንይ» አለ።

የጋዙን መጋጠሚያዎች በሳሙና አረፋ ቀባ፤ አንድም አረፋ አልተነፋም። የአየር ማጣሪያውን አውጥቶ አራገፈ። የባትሪውን ጫፎች ጠረገ። የሻለቃን የኋላ መስታወት ሳይቀር ወለወለ። ከቀርከሃው በስተቀር ያልነካው ነገር አልነበረም። ቀትር ላይ ፀሐይ ወጣች፤ ሻለቃም ማንም ምንም ሳያደርገው ዳነ፤ በጋዝ እንደ አዲስ ዘፈነ። ጉዲና «በረከት ያለው እጅ ነው ያለኝ» ብሎ ምሳ በልቶ ሄደ። ሙላው ግን መሪው ላይ ተደግፎ ቀረ። የአልመሃዲ ሳል በጆሮው መጣ፤ ከሳሉ ሥር ደግሞ የአባቱ እርግጫ፣ የዚያ የአምባ ስምንት በር።

ረቡዕ ጠዋት ዝናቡ እንደ ወንፊት ዱቄት ይወርድ ነበር። ሻለቃ ተነሥቶ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሙላው ጉዲናን አስጠራው።

«ብልጭታ እያመለጠ ከሆነ በጨለማ ይታያል» አለ ሙላው።

«በጠዋቱ ጨለማ ከየት ይመጣል?»

ሙላው ቤት ገብቶ ጋቢውን አመጣ። ሁለቱ ሰዎች ሞተሩ ላይ ጎንበስ ብለው፣ ጋቢውን ከኮፈኑ ጀምረው እስከ ወገባቸው ተከናነቡ፤ ጉዲና ጫፉ ማራገቢያው ውስጥ እንዳይገባ በእጁ ይዞ። ከውጭ የሚታየው ሁለት ሱሪ ብቻ ነበር።

አረጋሽ በር ላይ ቆማ ለጥቂት ጊዜ አየች።

«ጉንፋን ይዞት ነው የምታጥኑት? ባሕር ዛፍ ቅጠል ላምጣላችሁ?»

«ሥራ ላይ ነን፣ አረጋሽ!» አለ አንዱ ከጋቢው ሥር።

«የቱ ነው የተናገረው? ሾፌሩ ነው ኢንጂነሩ?»

ጋቢው ሥር ጎማ ጎማ ይሸታል፤ ይሞቃል። ዓይናቸው ጨለማውን ሲለምድ አዩት። አምስተኛው ገመድ በቀርከሃው ውስጥ በሚያልፍበት ቀዳዳ አፍ ላይ፣ ከአንድ ፀጉር የቀጠነች ሰማያዊ ክር ከገመዱ ስንጥቅ ትወጣለች፤ በእርጥቡ ቀርከሃ ላይ ትሳብና ከብሎኑ ብረት ውስጥ ትጠፋለች። ትወጣለች፣ ትሳባለች፣ ትጠፋለች። ለፒስተኑ የተላከው ሁሉ ብሎኑ ጋ ይቀራል። ቀዳዳው ገመዱን በንዝረት ፍቆታል፤ በበጋ ቀርከሃው ደረቅ ስለነበር ምንም አልሆነም፤ ክረምት ሲመጣ ውሃ ጠጣ፤ ውሃ የጠጣ ደግሞ ብልጭታ ያሳልፋል።

«ያ ረቢ!» አለ ጉዲና። «የተሸለመው ነው!»

ከጋቢው ወጥቶ እስኪያስለው ሳቀ። ሙላው ግን ወዲያው አልወጣም። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የቤንዚን ሻጮቹ ልክ ቢሆኑ ብሎ ተመኘ።

ቀና ሲል ግቢው ውስጥ አቶ አሳምነው ቆመዋል። በአንድ እጃቸው ጃንጥላ፣ በሌላው የቫርኒሽ ጣሳ ይዘዋል።

«ኢንጂነር! እንኳን ደስ ያለህ። ነገ ከኮሚቴው ጋር እንግዳ ትመጣለች፤ ከሸለመን ቢሮ። ጋዙ የእኛ ጉዳይ ነው፤ እንግዳዋ የምትመጣው ቀርከሃውን ለማየት ነው። ይህን ቀባው፣ ያብረቅርቅ።»

«ጋሼ፣ ሞተሩን የሚያስለው እሱ ነው።»

«ማን?»

«ቀርከሃው።»

አቶ አሳምነው ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዩ። ከጉዲና በቀር ሰው አልነበረም። ድምፃቸውን ግን ዝቅ አደረጉ።

«የተሸለመ ነው እኮ።»

«ውሃ ይጠጣል።»

«በጥናት ነው የተሸለመው!»

«ማን አጠናው?»

«እኔ ነኛ! ጎንበስ ብዬ አይቼዋለሁ።»

ሙላው ነገሩን ከሥሩ አስረዳቸው፤ ስንጥቁን፣ እርጥበቱን፣ ብሎኑን። አቶ አሳምነው እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙ፤ በስብሰባ ላይ መስማት ልማዳቸው ነው። ሲጨርስ መፍትሔ አቀረቡ።

«አምስተኛውን ፒስተን ለጊዜው ብናነሣውስ? አምስት አይበቃም?»

«ቴስታታውን ከከፈትን ይቻላል» አለ ጉዲና፣ ፊቱ እየበራ።

«አይቻልም!» አለ ሙላው።

አቶ አሳምነው ጣሳውን ኮፈኑ ላይ አስቀመጡት። «እንግዲህ ስማኝ። ቀርከሃውን ነቅለህ እንግዳ ፊት ብታዋርደኝ፣ የጋዝህን ፈቃድ የሚፈርመው ማን እንደሆነ አትርሳ።» ጃንጥላቸውን አስተካክለው ሄዱ።

ቀርከሃው ከተቀመጠ ሻለቃ ያንገራግራል፤ ካንገራገረ ጋዙ ይነቀላል። ቀርከሃው ከተነቀለ አቶ አሳምነው አይፈርሙም፤ ካልፈረሙ ጋዙ ይነቀላል። ሙላው ሳሎን ገብቶ ከምስክር ወረቀቱ ፊት ለፊት ተቀመጠ። አረጋሽ ምስር እየለቀመች ከጎኑ ነበረች።

«ሁለቱን ማዳን አልቻልኩም» አለ።

«ማንንና ማንን?»

«ሻለቃንና ኢንጂነሩን።»

አረጋሽ አንዲት ጠጠር ከምስሩ አውጥታ በመስኮት ወረወረች። «ከሁለቱ የሚያበላን የትኛው ነው?»

ሙላው ተነሣ። ጉዲና ከተጣለ መኪና ያነሣው ደህና ገመድ ነበረው፤ የአምስተኛውን ቦታ ሰጡት። ሌሎቹንም ከአሮጌ ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ በተቆረጡ ጥብጣቦች ለያይተው አሰሯቸው። ሲያዩት ያስቀይማል። ቀርከሃው ከነቀዳዳዎቹ ወጥቶ ሙላው ኪስ ውስጥ ገባ።

ሐሙስ ጠዋት ዝናቡ በባልዲ ነበር። ኮሚቴው እርጥብ ልብሱን እያራገፈ ገባ። ከፊት ወይዘሮ ልዕልት የተባሉት የቢሮው እንግዳ ተቀመጡ፤ ከኋላቸው አቶ አሳምነው፣ ዓይናቸውን ከሙላው ማጅራት ሳያነሡ። ማብሪያዋ ወደ ላይ ናት፤ ጋዝ። ሻለቃ ተነሣ። ስድስቱም ምት ነበሩ።

ዳገቱን ሳያጉረመርም ወጣ። ጭቃውን ሳይለምን አለፈ። ግማሽ መንገድ ላይ አንድ የኮሚቴ አባል፣ ጋዙን አጥብቆ ይቃወም የነበረው፣ ተኝቶ አንኮራፋ። ሙላው ከዚህ የበለጠ ምስክርነት አላስፈለገውም፤ ኪሱ ውስጥ ያለው ቀርከሃ ግን ጎኑን ይወጋው ነበር። ባምባሲ መግቢያ ላይ ወይዘሮ ልዕልት ሲናገሩ የሚጠብቀው ቃል ነበር።

«በሉ እንግዲህ፣ አደራጁን አሳዩኝ።»

ኮፈኑ ተከፈተ። ሁሉም ጃንጥላ ሥር ተጠጋግተው ጎንበስ አሉ። የሚያብረቀርቅ ቀርከሃ በሚጠበቅበት ቦታ ጥቁር የጎማ ቁርጥራጭ ነበር።

«የት አለ?»

ሙላው ወደ ኮፈኑ ተጠጋ። «የለም፣ እመቤቴ። በበጋ ደህና ነበር፤ ክረምት ሲመጣ እርጥበት ጠጥቶ ብልጭታውን ያሾልክ ጀመር፣ አንዱን ፒስተን ሥራ አስፈታው። የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የነቀልኩትም እኔ ነኝ። እኔ ሾፌር ነኝ፤ ኢንጂነር አይደለሁም።»

ዝናቡ ኮፈኑን ይደበድባል። ወይዘሮ ልዕልት ወደ አቶ አሳምነው ዞሩ። የኮሚቴው አባላትም ዞሩ። የተኛው እንኳ ነቅቶ ዞረ። አቶ አሳምነው የማኅበር ሰብሳቢ ሆነው የኖሩት በከንቱ አልነበረም።

«ትክክል ነው» አሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «ቀርከሃው በሞተር ክፍል የተሰጠውን የሙከራ ጊዜ በስኬት አጠናቆ፣ በዕድገት ተዛውሯል።»

«ወዴት?»

አቶ አሳምነው ሙላውን አዩት። ሙላው እጁን ኪሱ ከተተ፤ ቀርከሃው ወጣ። አቶ አሳምነው ከእጁ ቀበሉት፣ በሩን ከፍተው ከመሪው በላይ በክብር አኖሩት።

«ወደ ዳሽቦርድ» አሉ።

ወይዘሮ ልዕልት ቀዳዳዎቹን በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩ። እስክሪብቷቸውን ወደ አንዱ ሰደዱት፤ ልክክ አለ። «ስድስት እስክሪብቶ ይይዛል» አሉ፤ መልሰው አውጥተውም ይህንኑ በዚያው እስክሪብቶ ጻፉት። ኮሚቴው አጨበጨበ። ውርደት ያልደረሰባቸው አቶ አሳምነው ፈቃዱን እዚያው፣ በሻለቃ ኮፈን ላይ፣ በጃንጥላ ሥር ፈረሙ።

ቫርኒሹ በከንቱ አልቀረም። ቀርከሃው ዛሬ ተቀብቶ፣ በሁለት ብሎን ታስሮ ከመሪው ፊት ያብረቀርቃል። ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ሁለተኛ የምስክር ወረቀት ተጨምሯል፤ «ለማሻሻያው» ይላል። ሙላው ሁለቱንም ለማንሣት ሞክሮ ነበር፤ አቶ አሳምነው የማኅበር ንብረት ነው ብለው ከለከሉት።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አልመሃዲ ከፊት ተቀምጠው ሲሄዱ ቀርከሃውን ነካ ነካ አደረጉት።

«ያ ሙላው፣ ይሄ ሥራው ምንድን ነው?»

«ምንም፣ አባባ።»

«ብንነቅለውስ?»

ሙላው ማርሽ ቀየረ። ሻለቃ ዳገቱን በስድስቱም ያዘው። «ቢነቅሉት ሞተሩ ድምፁን አይለውጥም።»

«ታዲያ ለምን አትነቅላትም?»

«እሱን እንኳ ኢንጂነሩን ይጠይቁት።»

አልመሃዲ ሳቁ። ከመንገዱ ዳር አንድ ሰው ጆንያ ተሸክሞ «ሾፌር! ቦታ አለ?» ብሎ ጮኸ። ሙላው አንገቱን ፈጥኖ አዞረ።